ፊደሉ የሚደበዝዘው የት ላይ ነው? የስክሪን ቀረጻ ጥራት ከቅጂ እስከ ስርጭት

በአማርኛ የሚዘጋጁ የኮምፒውተር ትምህርቶች በዝተዋል። የኤክሴል ቀመር፣ የሂሳብ መዝገብ ሶፍትዌር፣ የፕሮግራሚንግ መግቢያ፣ በስልክ ገንዘብ የማስተላለፍ መመሪያ፤ ሁሉም ስክሪን እየተቀዳ፣ ድምፅ እየተጨመረበት በዩቲዩብና በቴሌግራም ይሰራጫል። ብዙዎቹ በይዘታቸው የሚመሰገኑ ናቸው። አስተማሪው ሥራውን ያውቃል፣ አነጋገሩ ግልጽ ነው፣ ትምህርቱም በነጻ ነው። ተማሪው ግን ቪዲዮውን አቁሞ፣ ስልኩን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ፣ ሴሉ ውስጥ ያለው ቁጥር 3 ይሁን 8 መለየት ያቅተዋል። ያው ቀረጻ በአስተማሪው ኮምፒውተር ላይ ጥርት ብሎ ይታይ ነበር።

ጥራቱ የት ጠፋ ሲባል ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ኮምፒውተሩ ደካማ ስለሆነ ነው» ወይም «ዩቲዩብ ያበላሸዋል» የሚል ነው። በሁለቱም ውስጥ እውነት አለ። ለእኔ ግን ዋናው ምክንያት ሌላ ነው። ስለ ቪዲዮ ጥራት የምንሰማው ምክር ከሞላ ጎደል በሙሉ የተዘጋጀው በካሜራ ለሚቀረጽ ምስል ነው። የስክሪን ቀረጻን ተመልካቹ የሚፈልገው ሊያነበው ነው። የሚነበብ ነገር የሚበላሽበት መንገድ የሚታይ ነገር ከሚበላሽበት ይለያል፤ ስለዚህ ጥንቃቄውም ይለያል።

ከቁጥሩ እንነሳ። የ1920 በ1080 ስክሪን 2,073,600 ፒክስሎች አሉት። እያንዳንዱ ፒክስል ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ አንድ አንድ ባይት ይይዛል ብንል፣ በሰከንድ 30 ፍሬም ሲቀዳ በየሰከንዱ 187 ሜጋባይት ገደማ ይወጣል። አንድ ደቂቃ ብቻ ከ11 ጊጋባይት ያልፋል ማለት ነው። ዩቲዩብ ለዚህ መጠን የሚመክረው ቢትሬት (በየሰከንዱ የሚመደበው የመረጃ መጠን) በሰከንድ 8 ሜጋቢት ነው፤ በባይት ሲሰላ 1 ሜጋባይት። ከ180 በላይ የሆነው እጅ ተጥሎ አንዱ እጅ ይቀራል። መጭመቁ እንግዲህ አይቀርም። መጠየቅ ያለበት ጭመቃው ምኑን እንደሚጥልና ስንት ጊዜ እንደሚደረግ ነው።

በ2003 የጸደቀው ኤች.264 ዛሬም በማንኛውም ስልክና ኮምፒውተር የሚከፈት የመጭመቂያ ስልት ነው። የሚሠራው ዓይን የማያስተውለውን እየመረጠ በመጣል ነው። ዓይናችን ከቀለም ይልቅ ለብርሃን ልዩነት ንቁ ስለሆነ፣ ብርሃኑ ለእያንዳንዱ ፒክስል ይመዘገባል፤ ቀለሙ ግን ለአራት ፒክስል አንድ ብቻ ይያዛል። በሶፍትዌሮች ቅንብር ውስጥ 4:2:0 ተብሎ የሚገኘው ይህ ነው። ለሰው ፊት፣ ለዛፍ፣ ለሰማይ ቁጠባው ምንም አያጎድልም። በጥቁር መደብ ላይ በቀይ ለተጻፈ ኮድ ወይም በሰማያዊ ሴል ውስጥ ላለ ቀይ ቁጥር ግን ፊደሉን ከመደቡ የሚለየው ቀለሙ ነውና ጠርዙ ይፈሳል። ሌላው ቁጠባ በደቃቅ ዝርዝር ላይ ነው። ቢት ሲያጥር ቀድሞ የሚጣለው ደቃቁ ነገር ነው። በካሜራ ምስል ውስጥ ያለ ሣር ትንሽ ቢደበዝዝ ሣርነቱ አይጠፋም፤ ፊደል ሲደበዝዝ ግን ንባቡ ይጠፋል።

ዊንዶውስ ደግሞ በዚህ ላይ የራሱን ይጨምርበታል። ክሊርታይፕ የሚባለው የፊደል ማለስለሻ የእያንዳንዱን ፊደል ጠርዝ በስሱ ቀይና ሰማያዊ ይቀባዋል። በቀጥታ ስክሪኑን ለሚመለከት ሰው ፊደሉ የጠራ ይመስለዋል። ቀለሙ ለአራት ፒክስል አንድ በሚያዝበት ቪዲዮ ውስጥ ግን ያ ቀለም ወደ ጎረቤት ፒክስል ይዛመትና ፊደሉን ያቆሽሸዋል። ከመቅዳት በፊት ክሊርታይፕን ማጥፋት ምንም ወጪ የለውም፤ ባለቀለም ኮድ ለሚያስተምር ሰው ለውጡ በዓይን የሚታይ ነው።

ጉዳቱ በእኛ ፊደል ላይ ይብሳል። በ፣ ቡ፣ ቢ፣ ቤ የሚለያዩት በአንዲት ጭረት ወይም ቀለበት ነው። ጭረቷ በቀኝ እግሩ ወገብ ላይ ስትሆን ቡ፣ ከግርጌው ስትሆን ቢ፣ ቀለበት ስትሆን ቤ። ጽሑፉ 12 ፒክስል ያህል ቁመት ሲኖረው ያቺ ጭረት ከአንድ ወይም ከሁለት ፒክስል አታልፍም። ጭመቃው መጀመሪያ የሚጥለውም እሷኑ ነው። በዓረፍተ ነገር መካከል ከሆነ አንባቢው ከሐሳቡ ተነስቶ ይገምታል። የሰው ስም፣ የፋይል ስም ወይም የአንድ አዝራር ስም ሲሆን ግን መገመቻ የለውም። ለእንግሊዝኛ ጽሑፍ «ይበቃል» የተባለ ቅንብር ለአማርኛ ሳይበቃ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ በተለይ የሚያሳስበኝ በውጭ አገር ላሉ ሕፃናት ነው። በአሜሪካም፣ በአውሮፓም፣ በእስራኤልም ልጆቻቸውን በኢንተርኔት ፊደል የሚያስቆጥሩ ወላጆች አሉ። ትምህርቱ በዙም ተሰጥቶ ይቀዳል፤ ልጁም ቅጂውን ደጋግሞ ያያል። ትልቅ ሰው የደበዘዘን ቤ ከቃሉ ገምቶ ያነበዋል። ልጁ ግን ቢ እና ቤ ምን እንደሚለያቸው ገና ሊማር ነው የተቀመጠው። ዙም ላይ ስክሪን ሲጋራ ለቪዲዮ ክሊፕ ማመቻቻ የሚባል ምርጫ አለ። የተቀረጸ ፊልም ለማሳየት የተሠራ ነው፤ እንቅስቃሴው እንዳይቆራረጥ ሲል የምስሉን ጥራት ይቀንሳል። ፊደል ለማስተማር ሲባል ይህ ምርጫ መጥፋት አለበት።

አሁን ወደ መቅጃው እንምጣ። በነጻ ከሚገኙት ውስጥ በሰፊው የሚሠራበት ኦቢኤስ ነው። ኦቢኤስ ሁለት መጠኖችን ይጠይቃል፤ አንዱ የሚቀዳው ስክሪን መጠን፣ ሌላው የሚወጣው ፋይል መጠን። ሁለቱ እኩል ካልሆኑ ምስሉ ገና ሲቀዳ መጠኑ ይቀየራል። በብዙ ላፕቶፖች ላይ ስክሪኑ 1366 በ768 ነው። ይህንን «ኤችዲ ይሁን» ብሎ ወደ 1920 በ1080 መለጠጥ እያንዳንዱን ፒክስል 1.4 እጥፍ ገደማ ማድረግ ነው። አንድ ፒክስል አንድ ነጥብ አራት ፒክስል ሊሆን ስለማይችል ሶፍትዌሩ በጎረቤቶቹ መካከል ያማካኘዋል፤ ቀጥ ያለችው የፊደል እግር በግማሽ ግራጫ የተከበበች ትሆናለች። ፋይሉ ተለቀ እንጂ ምንም አዲስ ዝርዝር አልተገኘም፤ የነበረውም ደብዝዟል።

እንዲህ ያለ ላፕቶፕ ላለው ሰው የምመክረው ሳይለጥጥ በ1366 በ768 እንዲቀዳ ነው። ኤዲት ሲያደርግ የ1920 በ1080 ታይምላይን (ቀረጻዎች የሚደረደሩበትን የኤዲተር መስመር) ከፍቶ ቀረጻውን በ100 ፐርሰንት መሃል ላይ ያስቀምጠው። ከግራና ከቀኝ 277፣ ከላይና ከታች 156 ፒክስል ክፍት ቦታ ይቀራል። በዚያ ቦታ ላይ ቀለል ያለ መደብ፣ የትምህርቱ ርዕስ፣ ከተፈለገም የአስተማሪው ፊት ሊገባ ይችላል። አንድም ፊደል አልተለጠጠም። ዩቲዩብም ቪዲዮዎቹን የሚያከፋፍለው በ720፣ በ1080ና በመሳሰሉት ደረጃዎች ስለሆነ፣ 768ን እንዳለ ቢቀበል መጠኑን መልሶ መቀየሩ አይቀርም ነበር።

ቢትሬቱን በተመለከተ የስክሪን ቀረጻ ጠባይ ከካሜራው ፍጹም የተለየ ነው። አስተማሪው ሲያብራራ ስክሪኑ ለግማሽ ደቂቃ ምንም ላይለወጥ ይችላል፤ ለዚያ ጊዜ የሚያስፈልገው ቢት ጥቂት ነው። ከዚያ ገጹ ሲገለበጥ ወይም ጽሑፉ ወደ ታች ሲንሸራተት በአንድ ጊዜ ሁሉም ፒክስል ይለወጣል። ቢትሬቱ በአንድ ቁጥር ላይ ከታሰረ በዝምታው ሰዓት ይባክናል፣ በለውጡ ሰዓት ያጥራል። አዲስ ስላይድ ሲመጣ ጽሑፉ መጀመሪያ ደብዝዞ ከአፍታ በኋላ የሚጠራው በዚህ የተነሳ ነው። ቋሚ ቢትሬት የሚስማማው ለቀጥታ ስርጭት ነው፤ ለቅጂ የሚሻለው በጥራት ላይ የተመሠረተው፣ በኦቢኤስ ሲአርኤፍ ወይም ሲኪውፒ ተብሎ የሚገኘው ምርጫ ነው። ኤክስ264 በሚባለው ኢንኮደር (መጭመቂያ ፕሮግራም) የሲአርኤፍ ቁጥር ከ0 እስከ 51 ነው፤ ሲያንስ ጥራቱ ይጨምራል፣ ሳይነካ ሲተው 23 ነው። ለጽሑፍ ቀረጻ 23ን አልመክርም። ከ16 እስከ 18 ባለው ቢቀዳ ከዋናው ስክሪን መለየት ያስቸግራል፤ ስክሪኑ ብዙውን ጊዜ ቆሞ ስለሚውል ፋይሉም የሚፈራውን ያህል አይገዝፍም። በፍሬም በኩል ለትምህርት 30 ይበቃል። 60 ለጌም ነው።

ቀለም ዋናው ነገር ለሆነበት ሥራ ኦቢኤስ በ4:4:4 መቅዳትም ይችላል፤ የእያንዳንዱ ፒክስል ቀለም ሳይጣል ይያዛል። ብዙ ስልኮች እንዲህ ያለውን ፋይል አያጫውቱም፤ ለኤዲቲንግ የሚሆን ዋና ቅጂ ነው እንጂ የሚሰራጭ አይደለም። የሚጠቀሙበት ኤዲተር መቀበሉንም በአጭር ሙከራ አስቀድሞ ማየት ይገባል።

መብራት በሚጠፋበት አገር ደግሞ የፋይሉ ዓይነት ራሱ ወሳኝ ነው። የተለመደው ኤምፒፎር ፋይል ማውጫውን የሚጽፈው ቀረጻው ሲጠናቀቅ ነው። በመሃል መብራት ሄዶ ኮምፒውተሩ ከጠፋ ማውጫ የሌለው፣ የማይከፈት ፋይል ይቀራል፤ የሁለት ሰዓት ትምህርት አብሮት ይሄዳል። ኤምኬቪ የሚባለው የፋይል ዓይነት ግን እስከ ተቋረጠበት ድረስ ያለውን ያተርፋል። በኤምኬቪ ቀድቶ ኋላ በዚያው በኦቢኤስ ውስጥ ሪመክስ በሚለው ትእዛዝ ወደ ኤምፒፎር መለወጥ ይቻላል፤ ማሸጊያው ብቻ ስለሚቀየር ምስሉ እንደገና አይጨመቅም።

ብዙ ሰው የማይቆጥረው ኪሳራ የሚመጣው ከድግግሞሽ ነው። ቀረጻው ሲቀዳ አንድ ጊዜ ተጨምቋል። ከኤዲተሩ ኤክስፖርት ሲደረግ ሁለተኛ ይጨመቃል። መግቢያና ሙዚቃ ሊጨመርበት በሌላ መተግበሪያ ሲያልፍ ሦስተኛ፣ በቴሌግራም ተልኮ ባልደረባ ሲያወርደው አራተኛ፣ ያ ባልደረባ ዩቲዩብ ላይ ሲጭነው አምስተኛ። የልብስ እጥበት እንደሚያወይብ እያንዳንዱ ዙር ትንሽ ይወስዳል፤ የተወሰደውን የሚመልስ ማስተካከያ ግን የለም። ሁለተኛው ኢንኮደር ከመጀመሪያው የተረፈውን ቆሻሻ እንደ እውነተኛ ዝርዝር ቆጥሮ ቢት ያባክንበታል፤ ለፊደሉ የሚተርፈው ያንሳል። መካከለኛ ኤክስፖርት የግድ ከሆነ እንደ ፕሮሬስ ወይም ዲኤንኤክስኤችአር ያለ ለኤዲቲንግ የተሠራ ኮዴክ (የመጭመቂያ ስልት) ይመረጥ። ፕሮሬስ 422 በ1080 በሰከንድ ወደ 147 ሜጋቢት ስለሚይዝ ዲስክ ይበላል፤ ግን ደጋግሞ ቢከፈትና ቢወጣ የሚጎድለው እምብዛም አይታወቅም። ሥራው መጀመሪያና መጨረሻውን መቁረጥ ብቻ ከሆነማ እንደገና መጭመቅም አያስፈልግም። ሎስለስ ከትን የመሰሉ ነጻ መተግበሪያዎች ፋይሉን ሳይጨምቁ ይቆርጣሉ። መቁረጫ ነጥቡ ሙሉ ፍሬም (በሌሎች ፍሬሞች ላይ ሳይደገፍ የተመዘገበ) ባለበት ቦታ ላይ ብቻ ስለሚያርፍ ጥቂት ሰከንድ ወዲያ ወይም ወዲህ ሊል ይችላል፤ ለትምህርት ቪዲዮ ይህ ምንም አይደለም።

በኤዲተሩ ውስጥ ቀድሞ መታየት ያለበት የታይምላይኑ መጠንና የፍሬም ብዛት ከቀረጻው ጋር መግጠሙ ነው። በ30 ፍሬም የተቀዳ በ25 ታይምላይን ላይ ከተጫነ ጽሑፉ ሲንሸራተት ይንገጫገጫል፤ የሁለት ፍሬም ድብልቅ ከተጨመረበትም ፊደል በፊደል ላይ ተነባብሮ ይታያል። ፕሪሚየር በሚባለው ኤዲተር ላይ ሁለት ተመሳሳይ የሚመስሉ ትእዛዞች አሉ። ስኬል ቱ ፍሬም ሳይዝ የሚለው ትልቁን ቀረጻ ወደ ታይምላይኑ መጠን አሳንሶ ትርፉን ፒክስል ይጥለዋል፤ ኋላ ጎልቶ ሲቀርብ የሚለጠጠው ያነሰው ምስል ነው። ሴት ቱ ፍሬም ሳይዝ ግን የመለኪያ ቁጥሩን ብቻ ቀይሮ ፒክስሉን ይጠብቃል። አቅርቦ ለማሳየት ለሚያስብ ሰው ትክክለኛው ሁለተኛው ነው።

ምስልን አጉልቶ ስለ ማቅረብ ጠንከር ያለ አቋም አለኝ። ካፕከትና መሰሎቹ ምስሉን ቀስ እያደረጉ ማቅረብን በጣም ቀላል ስላደረጉት በየደቂቃው ይደረጋል። በ1080 የተቀዳ በ1080 ታይምላይን ላይ 150 ፐርሰንት ሲቀርብ ፊደሉ ይለጠጣል፤ በሚቀርብበት ሰዓትም እያንዳንዱ ፍሬም አዲስ ስለሆነ ቢቱን ይጨርሰዋል። በ3840 በ2160 ተቀድቶ በ1080 ታይምላይን ላይ የተቀመጠ ከሆነ እስከ 200 ፐርሰንት ማቅረብ ይቻላል፤ ያኔ አንዱ የቀረጻ ፒክስል በአንዱ የታይምላይን ፒክስል ላይ በትክክል ያርፋል። እንዲህ ያለ ስክሪን የሌለው ሰው ግን ኋላ ከማቅረብ ይልቅ በሚቀዳበት ሰዓት ጽሑፉን ያተልቀው። በብራውዘር፣ በኤክሴል፣ በኮድ መጻፊያ ሁሉ ውስጥ ጽሑፍ ማተለቂያ አለ። የተለቀው ፊደል በሶፍትዌሩ እንደ አዲስ ተስሎ ስለሚወጣ ጠርዙ ሙሉ ነው።

በስልክ ለሚቀዳ ሌላ ችግር አለ። አንድሮይድ ከ11ኛው፣ አይፎንም ከአይኦኤስ 11 ጀምሮ የራሳቸው ስክሪን መቅጃ አላቸው። ስልኮች ግን ስክሪኑ ሲቆም ፍሬሙን እየቀነሱ፣ ሲንቀሳቀስ እየጨመሩ ሊቀዱ ይችላሉ። አንዳንድ ኤዲተሮች ይህን ተለዋዋጭነት በትክክል አይቆጥሩትም፤ ቪዲዮው በገፋ ቁጥር ድምፁ ከምስሉ ይለያል። መፍትሔው ከኤዲቲንግ በፊት ሃንድብሬክ በሚባለው የቪዲዮ መለወጫ ወደ ቋሚ ፍሬም መለወጥ ነው። ይህ አንድ ተጨማሪ ጭመቃ ስለሆነ የጥራት ቁጥሩ ከተለመደው ዝቅ ይበል፤ 14 አካባቢ ጥሩ ነው።

የቀለም ስፋትን በአጭሩ ላንሳ። ከኤክስፖርት በኋላ ጥቁሩ ግራጫ፣ ነጩ አቧራማ ሆኖ ከታየ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ በውስን ስፋት፣ ከ16 እስከ 235፣ የተያዘውን ሌላው ሶፍትዌር በሙሉ ስፋት፣ ከ0 እስከ 255፣ ስላነበበው ነው፤ በተቃራኒው ሲሆን ጥቁሩና ነጩ ከልክ በላይ ይጠነክራሉ። ከቀረጻው እስከ ኤክስፖርቱ በውስኑና ሬክ 709 በሚባለው የኤችዲ ቀለም መስፈርት መሥራት ከዚህ ጣጣ ያድናል።

ወደ ስርጭቱ ስንመጣ ዩቲዩብ የሚደርሰውን ሁሉ እንደገና ይጨምቃል። ስለዚህ የሚጫነው ፋይል ከሚመከረው ቢትሬት ከፍ ያለ ቢሆን ይጠቅማል እንጂ አይጎዳም። ለ1440 እና ለ2160 የሚመድበው ቢትሬትም ለ1080 ከሚመድበው ይበልጣል፤ የ1080 ሥራን ወደ 2160 አሳድጎ መጫን የተለመደው ለዚህ ነው። ልክ ሁለት እጥፍ ስለሆነ ፊደሉን አያበላሽም። ይህ ዘዴ ግን የሚጠቅመው ከፍ ባለው ደረጃ የሚመለከተውን ነው። እዚህ ብዙ ተመልካች በሞባይል ዳታ፣ በ360 ነው የሚያየው፤ ለዳታ የሚከፍለውን ያውቃልና። በ360 ደግሞ የ1080 ምስል ቁመት ለሦስት ይካፈላል። በቀረጻው ላይ 24 ፒክስል ቁመት የነበረው ፊደል 8 ፒክስል ይሆናል፤ በ8 ፒክስል ቢ እና ቤ አይለዩም። 36 የነበረው 12 ይሆናል፤ እሱ የመነበብ ዕድል አለው። ኮዴክና ቢትሬት ላይ ከሚጠፋው ጊዜ ጥቂቱ የፊደሉን መጠን ለመለካት ቢውል ለተማሪው ከሁሉ የበለጠ ይጠቅመዋል ብዬ አምናለሁ። ኤክስፖርት ያደረጉትን ቪዲዮ በስልክ፣ በ360 ከፍቶ አንድ ገጽ ለማንበብ መሞከር በቂ መለኪያ ነው።

ቴሌግራም ላይ ቪዲዮ በቪዲዮነቱ ሲላክ ይጨመቃል፤ በፋይልነት ሲላክ ግን እንዳለ ይደርሳል፣ እስከ 2 ጊጋባይትም ይቀበላል። የአሥር ደቂቃ ትምህርት በ8 ሜጋቢት ቢወጣ 600 ሜጋባይት ይሆናል፤ ለተማሪ ከባድ ነው። ያው ትምህርት በሲአርኤፍ 20 ቢወጣ፣ ስክሪኑ ብዙ የማይንቀሳቀስ ከሆነ፣ ጽሑፉ ሳይጎዳ ከዚያ እጅግ ያነሰ ይሆናል። ለቴሌግራም የሚሆነው ቅጂ እንግዲህ ከዩቲዩቡ ተለይቶ፣ ከዚያው ታይምላይን በቀጥታ መውጣት አለበት። ከዩቲዩብ የወረደን መልሶ መላክ የተጨመቀን መጭመቅ ነው።

የኮዴክ መሐንዲሶችም የስክሪን ምስል የተለየ መሆኑን አውቀው ሠርተውበታል። የኤች.265 የስክሪን ይዘት ቅጥያ በ2016 ጸደቀ፤ በ2018 የወጣው ኤቪ1 ደግሞ ይህንኑ ችሎታ ከመነሻው ይዞ መጣ። አንዱ ዘዴ ጥቂት ቀለም ብቻ ያለበትን ቦታ በዝርዝር መዝገብ መያዝ ነው። ሌላው በዚያው ፍሬም ውስጥ ከዚህ በፊት የታየን ቅርጽ መቅዳት ነው፤ በአንድ የአማርኛ ገጽ ላይ «የ» የሚለው ፊደል ሃምሳ ጊዜ ቢመጣ ኢንኮደሩ አንዴ ጽፎ ለቀሩት «ከዚያ ውሰድ» ማለት ይችላል። ለፊደል ከዚህ የሚስማማ ጭመቃ አላየሁም። ርካሽ ስልኮች ኤቪ1ን ያለችግር እስኪያጫውቱ ድረስ የሚሰራጨው ኤች.264 ሆኖ ይቆያል። የመጀመሪያው የኤምኬቪ ቅጂና የኤዲቲንግ ፕሮጀክቱ ተቀምጠው ከቆዩ ግን ያኔ ትምህርቱን እንደገና መቅዳት አያስፈልግም፤ ከዋናው በአዲሱ ኮዴክ ማውጣት ብቻ ይበቃል። ኤክስፖርቱ እንዳለቀ ዋናውን ከዲስክ የሚያጠፋ ሰው ይህን ዕድል አብሮ ያጠፋዋል።